ስለ ፓስወርድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ፒያሳ አካባቢ ስልክ ስጠግንና ኮምፒውተር ሳስተምር ደንበኞች ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ደጋግመው የጠየቁኝ ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስተው ወደ አስቸጋሪው ይሄዳሉ።

ጠንካራ ፓስወርድ የሚባለው ምን ዓይነቱ ነው?

ረጅም የሆነ፣ ሌላ ቦታ ያልተጠቀሙበት፣ ከእርስዎ ሕይወት ጋርም ዝምድና የሌለው። ከሦስቱ ብዙ ሰው የሚንቀው ርዝመቱን ነው። ስምንት ፊደል ይጽፍና መጨረሻ ላይ ቃለ አጋኖ ሲጨምርበት የጠነከረ ይመስለዋል።

ሒሳቡን እንየው። ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ብንጠቀም ስምንት ፊደል 209 ቢሊዮን ያህል አማራጭ ይሰጣል። ለሰው የማያልቅ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን አይደለም። ከአንድ ድርጅት የተሰረቀ የፓስወርድ መዝገብ በደካማ ዘዴ ተቀምጦ ከነበረ፣ ጥሩ የጌም ካርድ ያለው አንድ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ በሰከንዶች ሊሞክረው ይችላል። ስምንቱን 12 ቢያደርጓቸው አማራጩ ወደ 457 ሺህ ጊዜ ያህል ይባዛል። አራት ፊደል ብቻ ነው የተጨመረው። ቃለ አጋኖዋ ግን ሁሉም ሰው መጨረሻ ላይ ስለሚያደርጋት ሌባው መጀመሪያ የሚሞክረው እዚያው ነው።

ስልክ ቁጥሬን ፓስወርድ ባደርገው ምን አለበት? መቼም አልረሳውም።

እርስዎ ብቻ አይደሉም የማይረሱት። የባጃጅ ሾፌሩም፣ የሰፈሩ ባለ ሱቅም፣ የዕቁብ ሰብሳቢዋም ይዘውታል። ደግሞ አሥር አሃዝ ይምሰል እንጂ መነሻው 09 ወይም 07 መሆኑ የታወቀ ስለሆነ የሚቀረው ስምንት አሃዝ ነው፤ በሁለቱም መነሻ ሲቆጠር 200 ሚሊዮን አማራጭ ብቻ።

የልጅ ስም ከ123 ጋር፣ የባጃጅ ታርጋ፣ የትውልድ ዓመት ሁሉ እዚሁ ይመደባሉ። «የእኔ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለሆነ ማንም አያውቀውም» የሚሉኝ አሉ፤ ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት መሆኑን የማያውቅ ሌባ ግን እዚህ አገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከሚባል ድርጅት 32 ሚሊዮን ፓስወርዶች አፈትልከው ወጥተው ነበር። ሲቆጠሩ አንደኛ የወጣው 123456 ነበር። የዚህ ዓይነት ዝርዝር ዛሬ ለማንኛውም ሀከር መነሻ ደብተሩ ነው።

እሺ፣ ረጅም ከሆነ እንዴት ነው የማስታውሰው?

ፊደል ትተው ቃል ይቁጠሩ። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላት ይገጣጥሙ፤ ለምሳሌ «ጀበና መሰላል ሐሙስ ዌሴ»። ዌሴ በሲዳሙ አፎ እንሰት ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ከሃያ ፊደል ያልፋል፤ ነገር ግን ሐሙስ ዕለት መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ጀበና ይዞ እንሰት የሚያጠጣ ሰው አንዴ በዓይነ ሕሊናዎ ከታየዎት አይጠፋዎትም። (ይቺን ግን አይጠቀሙባት፤ ከአሁን በኋላ የአደባባይ ናት።) እንደ ሀዋሳ ሰው ሁለትና ሦስት ቋንቋ የሚቀላቅል በዚህ በኩል ታድሏል።

ዋናው ነገር ቃላቱን እርስዎ አለመምረጥዎ ነው። ሰው ሲመርጥ ፍቅርን፣ እናቴን፣ የፈጣሪን ስም ይመርጣል። የታወቀ ተረትና ምሳሌ ወይም የመዝሙረ ዳዊት ጥቅስም ሌባው የሚያውቀው ነው። አርኖልድ ራይንሆልድ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 ዳይስዌር የተሰኘ ዘዴ አወጣ፤ 7,776 ቃላት ተዘርዝረው ለእያንዳንዱ ቃል ዳይስ አምስት ጊዜ ይወረወራል፣ የወጣው ቁጥር ቃሉን ይጠራል። የልጆቹ የሉዶ ዳይስ ይበቃል። አራት ቃል ሲወጣ አማራጩ ከ3,600 ትሪሊዮን በላይ ይሆናል። ዝርዝሩ ከሌለዎት ወፍራም መዝገበ ቃላት ዓይንዎን ጨፍነው ይግለጡ። የወጣልዎት ቃል ካላማረዎት አይቀይሩት፤ መቀየር ከጀመሩ ተመልሰው መራጭ ሆኑ ማለት ነው።

በአማርኛ ፊደል ብጽፈውስ?

ጥንካሬው ላይ ክፋት የለውም፤ ጣጣው ሌላ ነው። አንዳንድ ድረ ገጽ አይቀበለውም፤ የሚቀበልም ቢሆን የአማርኛ ኪቦርድ በሌለው የሰው ኮምፒውተር ላይ መግባት አይችሉም።

ሌላው የሞክሼ ፊደል ነገር ነው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፒውተሩ አራት የተለያዩ ፓስወርዶች ናቸው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍም ያው ነው፤ «ፀ»ን አንዴ በሁለት ፊደል፣ አንዴ በአንድ የሚጽፍ አለ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ደንበኛዬ ፓስወርዳቸውን ፈጽሞ አልረሱም ነበር፤ የረሱት እንዴት እንደጻፉት ነው። ሻይ አስመጥተን በስድስተኛው ሙከራ ገባን። አጻጻፉን ከመጀመሪያው ይወስኑና አይለዋውጡት።

ኢሜይሌን የከፈተልኝ ስልኩን የሸጠልኝ ልጅ ነው፤ ፓስወርዱን አላውቀውም። ችግር አለው?

አለው። ከእነዚህ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህን ያንብቡ። ይህ በእኛ ሙያ ውስጥ ያለ መጥፎ ልማድ ነው፤ ድሮ እኔም አድርጌዋለሁ። ደንበኛው ቸኩሏል፣ ፕሌይ ስቶር ደግሞ ያለ ጂሜይል አይከፍትም። ሻጩ በደንበኛው ስም ኢሜይል ያወጣል፣ ለሁሉም ደንበኛ የሚሰጣትን አንዲት ፓስወርድ ይሰጣል፣ ማስመለሻ ስልክ ሲጠየቅም የራሱን ቁጥር ይሞላል። ክፋት አስቦ አይደለም። ግን ፌስቡክም ይሁን ቲክቶክ «ፓስወርዴን ረሳሁ» ሲሉት መቀየሪያውን የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኢሜይልዎ ነው። የኢሜይሉ ቁልፍ ያለው ሰው የሌላውም ሁሉ ቁልፍ አለው።

በዚያ ላይ ስልኩ አንድ ቀን ሪሴት ሲደረግ (ያለው ሁሉ ጠፍቶ እንደ አዲስ ሲጀምር) ቀድሞ የነበረውን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ የገባ የሌባ መከላከያ ነው፤ ፓስወርዱን ለማያውቅ ባለቤት ግን ሌባውም ባለቤቱም እኩል ሆኑ ማለት ነው። ሱቄ ከሚመጡት የተቆለፉ ስልኮች ብዙዎቹ በገዛ ባለቤቶቻቸው ላይ የተቆለፉ ናቸው።

ስልኩ አሁን እየሠራ ሳለ ያስተካክሉት፤ ከጠፋ በኋላ በጣም ይከብዳል። ሴቲንግ ውስጥ ጉግል የሚለውን ከፍተው ወደ አካውንትዎ የደህንነት ክፍል ይግቡ። መጀመሪያ ማስመለሻ ስልኩንና ማስመለሻ ኢሜይሉን የራስዎ ያድርጉ፣ ከዚያ ፓስወርዱን ይቀይሩ፤ የድሮውን ሲጠይቅዎ «ረሳሁት» ቢሉት በያዙት ስልክ ላይ ሊያረጋግጥልዎ ይችላል። በመጨረሻ አካውንቱ የተከፈተባቸውን ስልኮችና ኮምፒውተሮች ዝርዝር አይተው የማያውቁትን ያስወጡ። ማስመለሻ ቁጥሩን ከቀየሩም በኋላ ጉግል እስከ ሰባት ቀን ድረስ ወደ ድሮው ቁጥር ኮድ ሊልክ ስለሚችል ከሳምንት በኋላ ዝርዝሩን ደግመው ይዩት።

ለሁሉም አካውንት አንድ ጠንካራ ፓስወርድ ብጠቀም አይበቃም?

አይበቃም። የቤትዎን በር፣ የሱቅዎንና የባጃጅዎን በአንድ ቁልፍ እንደመክፈት ነው፤ አንዱ ሲጠፋ ሦስቱም ይከፈታሉ። ሌባ አብዛኛውን ጊዜ የእርስዎን ፓስወርድ ቁጭ ብሎ አይገምትም። ከአንድ ደካማ ድረ ገጽ የተሰረቀውን የኢሜይልና የፓስወርድ ዝርዝር ይገዛና በፕሮግራም ሌላ ቦታ ሁሉ ይሞክረዋል። ሊንክድኢን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሰረቅ መጀመሪያ 6.5 ሚሊዮን ያህል ተባለ፤ በ2016 የወጣው ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ነበር። በእነዚያ አራት ዓመታት ያቺኑ ፓስወርድ ኢሜይላቸው ላይም ሲጠቀሙ የነበሩ ሰዎች ምንም አያውቁም ነበር።

መጨረሻው ላይ ለፌስቡክ «ኤፍ»፣ ለጂሜይል «ጂ» መጨመር የሚባለውን ብልሃት ሌባውም ይገምተዋል። ትሮይ ሃንት የሚባል የደህንነት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው «ሃቭ አይ ቢን ፖውንድ» የሚባል ነፃ ድረ ገጽ ላይ ኢሜይልዎን ቢያስገቡ በየትኞቹ የታወቁ ስርቆቶች ውስጥ እንደተገኘ ይነግርዎታል። የሚጠይቅዎ ኢሜይልዎን ነው፤ ኢሜይልና ፓስወርድ አንድ ላይ አስገቡ የሚል ተመሳሳይ ገጽ ካጋጠመዎ ይውጡ።

ደብተር ላይ ብጽፈውስ?

ይጻፉት። ፖላንድ ወይም ቬትናም ያለ ሀከር የእርስዎን ቁም ሳጥን አይከፍትም። ቤት ውስጥ ከመታወቂያና ከቤት ካርታ ጋር የሚቀመጥ ደብተር፣ በየቦታው ከሚደጋገም ደካማ ፓስወርድ እጅግ ይሻላል። በኪስ ቦርሳ ይዞ መዞር፣ ቢሮ ኮምፒውተሩ ላይ መለጠፍና ፎቶ አንስቶ ጋለሪ ውስጥ ማስቀመጥ ግን አይሆንም። በቴሌግራም ለራስ መላክም እንደዚሁ ነው፤ ቴሌግራሙ ሲጠለፍ ሁሉም አብሮ ይሄዳል።

ፓስወርድ የሚያስቀምጥ አፕ ይታመናል? እሱስ ቢሰረቅ?

በጥንቃቄ ይታመናል። አፑ ለእያንዳንዱ አካውንት የተለየ፣ ረጅም ፓስወርድ ራሱ ይፈጥራል፤ እርስዎ የሚያስታውሱት ዋናውን አንዱን ብቻ ነው። ቢትዋርደን የሚባለው አፕ በነፃ ይሠራል፣ የተጻፈበት የፕሮግራም ኮድም ማንም እንዲያየው ክፍት ነው። ኪፓስ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት በራስዎ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ይመቻል፣ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጦ ማኖር ግን የእርስዎ ኃላፊነት ነው። ክሮም «ላስቀምጥልዎ?» ሲል እሺ ማለትም መጥፎ አይደለም፤ ስልኩ ራሱ ጠንካራ መቆለፊያ ካለው። የኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ ግን በጭራሽ።

ይሰረቃል ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2022 ላስትፓስ ከሚባለው የፓስወርድ አፕ ድርጅት የደንበኞች ፓስወርድ ያለባቸው የተመሰጠሩ (በምስጢር የተቆለፉ) ማኅደሮች ተወስደዋል። ማኅደሩ የሚፈታው በባለቤቱ ዋና ፓስወርድ ስለሆነ፣ ዋናው ረጅም የነበረ ሰው ጊዜ አገኘ፤ ደካማ የነበረ ተጋለጠ። ስለዚህ ያንን የዳይስ ዘዴ ሌላ ቦታ ባይጠቀሙበት እንኳ እዚህ ላይ ይጠቀሙበት።

መሥሪያ ቤቴ በየሦስት ወሩ ፓስወርድ ያስቀይረናል። እኔም በግሌ ልቀይር?

ካልተሰረቀ አያስፈልግም። ይህ ሕግ የተስፋፋው ቢል ቡር የሚባል ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2003 ለአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ባዘጋጀው መመሪያ ነው፤ ሰውየው ራሱ በ2017 በምክሩ መጸጸቱን ተናግሯል። ተቋሙም በዚያው ዓመት ባወጣው አዲስ መመሪያ የመጋለጥ ምልክት ከሌለ ሰው በየጊዜው እንዲቀይር አታስገድዱ ብሏል። ምክንያቱን እርስዎም ያውቁታል፤ ሲያስገድዱዎት መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ነው የሚቀይሩት። መሥሪያ ቤትዎ ካዘዘ ግን ያው ይታዘዛሉ፤ እኔን ጠቅሰው አይከራከሩ።

ቴሌግራሜ ተጠልፎ በስሜ ብር እየተለመነበት ነው። ፓስወርዴን ለማንም አልሰጠሁም፤ እንዴት ሆነ?

ፓስወርድ አልሰጡም፤ ኮድ ሰጥተው ይሆናል። ቴሌግራም ሲፈጠር ጀምሮ በስልክ ቁጥርና በሚላክ ኮድ ነው የሚከፈተው፤ ፓስወርድ ካልጨመሩበት የለውም። ታሪኩ ሁሌም ይመሳሰላል። ከሚያውቁት ሰው «የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ናት፣ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ይመጣል። ሊንኩ ስልክ ቁጥርዎን፣ ቀጥሎ የመጣልዎትን ኮድ ይጠይቃል። ድምፅ የሰጡ መስሎዎት ለሌባው በሩን ከፈቱለት። ከደቂቃዎች በኋላ ለአክስትዎ «ትንሽ ብር አጥሮኝ ነው፣ ማታ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት በእርስዎ ፎቶ ይደርሳታል።

ፍጥነት ይጠቅማል። አዲስ የገባ ስልክ ነባሮቹን ወዲያው ማስወጣት እንዳይችል ቴሌግራም 24 ሰዓት ያህል ያግደዋል፤ እርስዎ ግን ከነባሩ ስልክዎ ሌባውን ማስወጣት ይችላሉ። ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተው ከእርስዎ ስልክ በስተቀር ሁሉንም ያቋርጡ። ከዚያ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚለውን አብርተው ፓስወርድ ያውጡ፤ ማስመለሻ ኢሜይልም ይጨምሩ። ኢሜይል ካልሰጡና ፓስወርዱን ከረሱ፣ አሁንም ክፍት ከሆነ ስልክ ላይ ለማስነሳት ሰባት ቀን ያስጠብቅዎታል። ይህን ሲጨርሱ ዘመድ ወዳጅ ላይ ደውሉ፤ በድምፅ፣ በጽሑፍ አይደለም። በጽሑፍማ ሌባውም «እኔ ነኝ» ሲል ነበር።

የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ይህን ያህል አጭር ሆኖ እንዴት ይበቃል?

አራት አሃዝ 10,000፣ ስድስት አሃዝ 1 ሚሊዮን አማራጭ ብቻ ነው። የሚበቃው እንደ ተሰረቀ መዝገብ በነፃነት ስለማይሞከር ነው፤ ጥቂት ጊዜ ከተሳሳቱ ይቆልፋል። ስለዚህ አደጋው የሚገምት ማሽን አይደለም። አደጋው ትከሻዎ ላይ ሆኖ የሚያይ ዓይን ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ደጋግሜ የማየው አንድ ነገር አለ። እናቶች ስልካቸውን ለወኪሉ ይሰጡና ቁጥሩን ጮክ ብለው ይነግሩታል፤ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ይሰማል። እማማ፣ ስልኩን ይዘው እርስዎ ይጫኑት፤ ካልታየዎት ልጅዎን ይዘው ይሂዱ። ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠሩና አንድ ክፍል ለአራት የተከራያችሁ እህቶች ደግሞ የስልኩ መክፈቻና የገንዘቡ ቁጥር አንድ እንዳይሆን አድርጉ። በስልክ ደውሎ «ከቴሌ ነው፣ የመጣልሽን ኮድ ንገሪኝ» የሚል ቴሌ አይደለም። ስልኩን ዘግታችሁ በራሳችሁ እጅ 127 ደውሉ።

ማረጋገጫ ኮዱ በኤስኤምኤስ ነው የሚመጣልኝ። ሲሜ ቢጠፋስ?

ኤስኤምኤስ ከምንም ይሻላል፤ ግን አካውንትዎን በሲም ካርድ ላይ ያንጠለጥለዋል። ሲምዎን ያገኘ ሰው በሌላ ስልክ ከትቶ ኮዱን ሊቀበል ይችላል፤ የሲም መቆለፊያ ፒን ካላበሩ። ሌላው ሰው የማያስበው፣ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ሰው ሊሸጥ ይችላል። ውጭ አገር ሄደው ሁለት ዓመት ቆይተው የተመለሱ ደንበኛ የድሮ ቁጥራቸውን ሲደውሉ የማያውቋት ሴት አነሳች። ኢሜይላቸው ላይ ያለው ማስመለሻ ያ ቁጥር ነበር።

የሚሻለው ጉግል ኦተንቲኬተርን የመሰለ አፕ ነው፤ በየ30 ሰከንዱ አዲስ ኮድ ያወጣል፣ ኔትወርክም አይፈልግም። አሞራ ገደል ዳር ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። አፑን ካበሩ በኋላ ከጉግል አካውንትዎ አሥር መጠባበቂያ ኮዶች ማውጣት ይችላሉ፤ እያንዳንዳቸው አንዴ ብቻ ያገለግላሉ። ወረቀት ላይ ገልብጠው ያ ከቤት ካርታው ጋር ያለው ደብተር ውስጥ ያስገቧቸው። ስልኩ ሲጠፋ መግቢያዎ እነሱ ናቸው።

ባለቤቴ ፓስወርድሽን ካልሰጠሽኝ አታምኚኝም ማለት ነው ይላል። ምን ልበለው?

ይቺን ጥያቄ ወንዶችም ይጠይቁኛል፤ ሽማግሌ አይደለሁምና በትዳሩ አልገባም። ከቴክኒኩ አንፃር ግን፣ የጋራ የሆነውን (የቤት ኪራይ የሚከፈልበት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ኢሜይል) በጋራ መያዝ ጥሩ ነው፤ የግል ኢሜይልና የባንክ ሚስጥር ቁጥር የግል ይሁን። አንድ ሰው ሲያውቀው ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ሁለት ሰው ሲያውቀው አንድ ነገር ከጠፋ ጥርጣሬው በሁለታችሁ መካከል ይቀራል። ሳያስፈቅዱ መግባቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርገዋል።

ፓስኪ የሚባለው አዲሱ ነገር ፓስወርድን ያስቀረዋል?

ቀስ በቀስ። በፓስኪ የሚታወስ ቃል የለም፤ ስልክዎ ውስጥ የተደበቀ ቁልፍ ይፈጠራል፣ በአሻራ ወይም በስልኩ መክፈቻ ያስነሱታል። ትልቁ ጥቅሙ ቁልፉ ከተሠራበት ድረ ገጽ በስተቀር ሌላ ቦታ አለመሥራቱ ነው። የጂሜይል መልክ ያለው የውሸት ገጽ ቢያታልልዎ እርስዎ ይታለሉ እንጂ ቁልፉ አይታለልም። ጉግል ለግል አካውንቶች እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 አስጀምሮታል፤ አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

እኔ ለራሴ አብርቼዋለሁ። ቤተሰቡ ሁሉ በሚከፍተው ስልክ ላይ ግን አይፍጠሩት፤ ስልኩን መክፈት የቻለ ሁሉ አካውንቱንም ይከፍታል።

አባታችን አረፉ፤ ስልካቸው ውስጥ የቤተሰቡ ፎቶና ሰነድ አለ፤ ፓስወርዱን የሚያውቅ የለም። ምን ይደረግ?

ነፍስ ይማር። ስልኩ ተከፍቶ የሚገኝ ከሆነ አያጥፉት፣ ባትሪው እንዳያልቅ ቻርጀር ላይ ያድርጉት፤ ፎቶውን ወደ ኮምፒውተር ይገልብጡ። ሲሙን አይጣሉ፣ ካርድ እየሞሉ ያቆዩት፤ ኮድ የሚመጣው በእሱ ነው። «ሪሴት አድርጌ እከፍተዋለሁ» ለሚል ጠጋኝ አይስጡ፤ ሪሴት ስልኩን ሊከፍት ይችላል፣ ፎቶውን ግን ያጠፋዋል። ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ለጉግል የሞት ማስረጃ አቅርቦ መጠየቅ ነው፤ ረጅም ነው፣ እሺታውም የተረጋገጠ አይደለም።

በሕይወት ያለ ሰው ግን ዛሬ ሊያዘጋጀው ይችላል። ጉግል አካውንት ውስጥ «ኢንአክቲቭ አካውንት ማናጀር» የሚባል ክፍል አለ፤ ከ3 እስከ 18 ወር ድረስ ራስዎ በሚመርጡት ጊዜ አካውንቱ ካልተነካ፣ አስቀድመው ለሰየሟቸው እስከ 10 ለሚደርሱ ሰዎች የፈቀዱትን ፋይል ይከፍትላቸዋል። ጉግል ሁለት ዓመት ያልተነካ አካውንት ሊሰርዝ ስለሚችል ይህን ቀድመው ያዘጋጁት። መሙላቱ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ሱቅ ከመጡ ቁጭ ብለን አብረን እንሞላዋለን፣ ፓስወርዱን ስትጽፉ ግን እኔ ፊቴን አዞራለሁ።